የማዶው ሆስፒታል

ጀልባው ወንዙ መሀል ሲደርስ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋው የሽቦ ገመድ ተወጥሮ ጮኸ። ጀልበኛው ገመዱን በሁለት እጁ ጨብጦ ወደ ኋላ ተንጋለለና፣

«ቁጭ በሉ! ማንም እንዳይነቃነቅ!» አለ።

ማን ይነቃነቃል? ስልከኛዋ የአማቷን ጥቁር የቆዳ ቦርሳ ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛ ዓይኗን ጨፍናለች። ውሃው ቀይ ጭቃ ሆኖ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ እያንከባለለ ይወርዳል። አማቷ ግን ዓይናቸውን እንደገለጡ ነበሩ። የምክር ቤቱ አርማ የተሰፋበትን ካፖርት እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ በቦቲ ጫማቸው የጀልባውን ወለል ረግጠው፣ ወንዙን እንደ ክፉ ጎረቤት ይገላምጡታል።

«እማማ፣ ብንመለስስ?»

«ወዴት? መሀል ወንዝ ላይ መመለስና መሻገር እኩል ነው። ይልቅ ዓይንሽን ግለጪ፤ የሚያሰምጠንም ከሆነ አይተነው ይሁን።»

ጀልበኛው በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ እንኳ ሳቀ።

አማቷን የወረዳው ሰው ሁሉ አዋላጇ ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ልጅ ሲቀበሉ ኖረው፣ ምክር ቤቱ ለሴት በሩን በከፈተበት በመጀመሪያው ምርጫ ተወዳደሩ። ተቀናቃኛቸው የነበረው ባለ ወፍጮ አደባባይ ላይ ቆሞ፣ «ይቺ ሴትዮ ከማዋለድ ሌላ ምን ታውቃለች?» ቢል፣ «አንተንም ያዋለድኩህ እኔ ነኝ። በእግርህ ነበር የመጣኸው፤ ዛሬም አመጣጥህ አላማረኝም» ብለው ሕዝቡን በሳቅ ፈጁት። ምርጫው ያለቀው ያኔውኑ ነው ይባላል።

ከዚያ ወዲህ ወረዳው ክሊኒክ አገኘ፤ ነርስ ተመደበለት፤ የሴቶች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ የስልክ መስመር ገባ። ምራታቸው ራሷ የዚያ መስመር በረከት ነበረች። ፖስታ ቤት ውስጥ በተተከለው የስልክ ሰሌዳ ፊት ተቀምጣ ሽቦ ስትሰካና ስትነቅል ነው የአዋላጇ ልጅ አይቶ የወደዳት። «በመንግሥት በጀት ያገኘኋት ሚስት» እያለ ይቀልዳል። አዋላጇ ለምነው ያላገኙት አንድ ነገር ቢኖር ድልድይ ነው። በየዓመቱ ይጠይቃሉ፤ በየዓመቱም «ለአንድ ወረዳ ተብሎ ድልድይ?» እየተባለ ይሳቅባቸዋል።

የዛሬው ጉዳይ ግን ከዚያ ሁሉ ይበልጥ ነበር። በሸለቆው ላሉት አምስት ወረዳዎች አንድ ሆስፒታል እንዲሠራ ረቂቅ ቀርቧል፤ ከሰዓት በኋላ ድምፅ ይሰጥበታል። ሆስፒታሉ የአዋላጇ ከተማ ውስጥ እንዲተከል ከምክር ቤቱ የብዙኃኑ ወገን መሪ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። ልጃቸው ከተማው መግቢያ ላይ ሰንደቅ አሰቅሏል፤ የትምህርት ቤቱን ሙዚቀኞች ፖስታ ቤቱ ደጃፍ አሰልፏል። ስልከኛዋ ፈቃድ ወስዳ አማቷን የተከተለችውም፣ የምሥራቹን በገዛ ድምፅዋ ለባሏ እንድታደርስ ነው።

ጀልባው ድንጋይ ገጭቶ ቆመ። የምክር ቤቱ ጥቁር መኪና ዳገቱ ላይ ይጠብቃቸዋል፤ ሾፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳ። ከመኪናው ዝቅ ብሎ ግን፣ ከጀልበኛው ጎጆ ፊት፣ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። አንድ ሽማግሌ፣ ጥቂት ጎረምሶችና መሬት ላይ የተቀመጠ ቃሬዛ። ቃሬዛው ላይ አንዲት ልጅ እግር ሴት ከብርድ ልብስ ሥር ጥርሷን ነክሳ ታቃስታለች።

አዋላጇ ሾፌሩን ትተው ወደ ቃሬዛው ሄዱ። ጎንበስ ብለው የልጅቷን ሆድ በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከትናንት ጠዋት፣ እመቤቴ» አሉ ሽማግሌው። «ልጄ ናት።»

«ወዴት ልትወስዷት ነው?»

ጥያቄው ሽማግሌውን ገረማቸው። በአገጫቸው ወንዙን ማዶ እያመለከቱ፣ «ወደ እርስዎ ክሊኒክ ነዋ! ሌላ ምን አለን?» አሉ።

«በዚህ ውሃ ቃሬዛ አልጭንም ብያቸዋለሁ» አለ ጀልበኛው ከኋላ። «ብትገለበጥ ደሟ በእኔ ነው። እርስዎንም ያሻገርኩት እንደራሴ ስለሆኑ በግድ ነው።»

አዋላጇ መለስ ብለው አዩት። ካፖርታቸውን አወለቁና ለምራታቸው ሰጡ።

«ጎጆህ ውስጥ እሳት አለ? ውሃ አፍላ። አንቺ ልጅ፣ እጅሽን ታጠቢና ተከተይኝ።»

ጥቁሩን ቦርሳ ከፍተው ከጉባኤው ወረቀት ሥር በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ መቀስና ሳሙና አወጡ። ስልከኛዋ ያን ሁሉ ጊዜ ቦርሳው ውስጥ ረቂቅ ሕግ ብቻ ያለ ይመስላት ነበር።

ጎጆው ጠባብ ነው፤ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። ስልከኛዋ የወላዷን ጀርባ በደረቷ ደግፋ ተቀመጠች። ልጅቷ ክንዷን ጨምድዳ ስትይዛት አጥንቷ ድረስ ተሰማት። አዋላጇ ድምፃቸው ተለወጠ፤ መድረክ ላይ የምታውቀው ያ ወፍራም ድምፅ ጠፍቶ፣ ለሕፃን እንደሚያወሩ ዝግ አሉ።

«አሁን አትግፊ። እኔ ስልሽ ነው። ጎበዝ። እንደሱ ነው የኔ ዓለም።»

ውጭ ሾፌሩ ክላክስ ነፋ። «ክብርት እንደራሴ፣ ጉባኤው ሊጀመር ነው!»

«ይጀመር! እኔም ጀምሬያለሁ!»

ሕፃኑ ሲወጣ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር፤ ፊቱ ጠቁሯል። አዋላጇ በአንድ ጣታቸው ፈትተው ገለበጡት፤ አፉን ጠረጉ፤ ጀርባውን አሹት። ድምፅ የለም። እንደገና አሹት። ሕፃኑ አስነጥሶ በቁጣ ጮኸ።

«ተቆጣ!» አሉ አዋላጇ። «ጥሩ ነው። የሚቆጣ ይኖራል።»

እናትየዋ ደሟ እስኪቆም፣ ጡት እስክታጠባ ድረስ ከጎጆው አልወጡም። ሽማግሌው ደጅ ላይ እጃቸውን ሊስሙ ሲያጎነብሱ፣ ክንዳቸውን ይዘው ቀና አደረጓቸው።

«እኔ ዛሬ ባላልፍ ኖሮስ?»

ሽማግሌው ዞረው ወንዙን አዩ።

አዋላጇ መኪናው ውስጥ ገቡ። እጅጌያቸው ላይ የደረቀ ደም ነበር። አራቱ መንገዶች የሚገናኙበት መስቀለኛው ከሚባለው መንደር ሲደርሱ ሾፌሩን አስቆሙትና ወረዱ። ጭነት መኪኖች ከየአቅጣጫው ይመጣሉ፤ መንገዱ ጠጠር የፈሰሰበት ስለሆነ ዝናብ አይበግረውም። የማዶዎቹ አራት ወረዳዎች መንገድ ሁሉ እዚህ ይገባል። መሀል ላይ ቆመው አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩና ተመለሱ።

«ንዳ» አሉ።

ምክር ቤቱ ሲደርሱ ስብሰባው ተጀምሯል። ኮሪደሩ በሰም ተወልውሎ ያብረቀርቃል፤ የጭቃ ጫማቸው ዱካ ከበሩ ጀምሮ ተከተላቸው። የብዙኃኑ መሪ ከአዳራሹ ወጥቶ ተቀበላቸው። ሚዛን ነው ቅጽል ስሙ፤ የማን ድምፅ ወዴት እንደሚያደላ ከባለቤቱ ቀድሞ ያውቃል።

«የት ጠፍተው ነው? ሁሉ ነገር አልቋል፤ እርስዎ እጅ አውጥተው ይደግፋሉ፣ ያልቃል።»

«ቦታው ይቀየር» አሉ አዋላጇ። «መስቀለኛው ላይ ይሠራ።»

ሚዛን የሰማውን ያላመነ መሰለ። ምራቲቱም እንደሱ።

«ይስሙኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የፋብሪካው ከተማ ሰዎች ይህን ሆስፒታል ለመንጠቅ አፋቸውን ከፍተው ነው የሚጠብቁት። ረቂቁን አንዴ ከነካነው ከሸለቆው ሊወጣ ይችላል። ያኔ ለእርስዎም የለም፣ ለማዶም የለም። ደግሞ ለሚቀጥለው ዘመን ምክትል አፈ ጉባኤነቱን ለእርስዎ አስበን ነበር። ይህን በገዛ እጅዎ...»

«ይህ እጅ» ብለው እጅጌያቸውን አሳዩት፣ «ጠዋት ሲሠራ ነው ያረፈደው። ጥቂት ታገሠኝ።»

ወደ መስኮቱ ሄደው ምራታቸውን ጠሩ። ወንበር ላይ አስቀመጧትና ከፊቷ ቆሙ።

«አርግዘሻል» አሉ።

ስልከኛዋ ደነገጠች። «ለባለቤቴም ገና አልነገርኩትም። በምን አወቁ?»

«ሥራዬ ምን ሆነና? የምጠይቅሽም ለዚህ ነው። ሆስፒታሉ እኛ ጋ ከሆነ ከቤትሽ ደጃፍ ነው። ይህኛው ልጅሽ እንኳ ሆስፒታሉ ሳያልቅ በእኔ እጅ ይወለዳል፤ ተከታዮቹ ግን ሐኪም ያገኛሉ። መስቀለኛው ላይ ከሆነ በክረምት የምትቸገሪው አንቺ ነሽ። የልጅ ልጄን ነው ወዲያ የምገፋው። ምን ትያለሽ?»

እስከዚያ ቀን ድረስ አማቷ ምክር ጠይቀዋት አያውቁም። ትእዛዝ ነበር፣ ቀልድ ነበር፣ ምክር ግን አልነበረም። ስልከኛዋ ክንዷን አየች፤ የወላዷ ጥፍር ያረፈበት ቦታ አሁንም ቀይ ነው።

«እኛ ክሊኒክ አለን» አለች ቀስ ብላ። «ነርስ አለን። እርስዎም አሉ። እነሱ ያላቸው ወንዙ ብቻ ነው።»

አዋላጇ ጉንጯን ነካ አደረጉና ወደ አዳራሹ ገቡ። ስልከኛዋ እየሮጠች ወደ ላይኛው የእንግዶች ሰገነት ወጣች።

አዳራሹ በሲጋራ ጭስ ታፍኗል። እንደራሴዎቹ የቆዳ ወንበራቸውን ተደግፈው ያንጎላጃሉ፤ ከመድረኩ በስተግራ የጽሕፈት መኪና ይንጣጣል። አፈ ጉባኤው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ረቂቁን አነበቡና አስተያየት ያለው ካለ ጠየቁ።

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ» አዋላጇ ተነሡ። «ማሻሻያ አለኝ። ሆስፒታሉ አራቱ የማዶ ወረዳዎች ባሉበት በኩል፣ መስቀለኛው ላይ ይሠራ።»

አፈ ጉባኤው መነጽራቸውን አወለቁ። «ክብርት እንደራሴ፣ ረቂቁኮ የሚለው የእርስዎን ከተማ ነው።»

«አውቃለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ «ሴትዮዋ መንገድ ጠፋባት!» አለ። አዋላጇ ሳቁ እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁት፤ የምጥ መሀል ፋታ እንደሚጠብቁ ሁሉ አልተቻኮሉም።

«መንገድስ ዛሬ ነው የተገለጠልኝ» አሉ። «ጠዋት ወንዙ ዳር አንዲት ልጅ አዋለድኩ። አንድ ቀን ሙሉ ጀልባ ጠብቃለች። ለእሷ የተከለከለው ጀልባ እኔን አሻግሮኛል፤ ለምን? እዚህ እናንተ መሀል የምቀመጥበት ወንበር ስላለኝ። የመረጠኝ ሕዝብ የእኔ ወረዳ ነው፤ ከተማዬ ዛሬ ከበሮ ይዞ ስልክ ይጠብቃል። ቢቆጣኝ መብቱ ነው። ግን ከአምስት አራቱ ወረዳ ማዶ ሆኖ፣ ሆስፒታሉ እኛ ዘንድ ከተሠራ፣ ክረምት በገባ ቁጥር ግድግዳውን ለእኛ፣ መቃብሩን ለእነሱ ሰጠናቸው ማለት ነው። እኔ በዚህ ላይ እጄን አላነሣም። ጨረስኩ።»

የፋብሪካው ከተማ እንደራሴ ብድግ አለ። ወፍራም፣ ደስ ብሎት የሚናገር ሰው ነው። «ባለጉዳይዋ ራሷ አልፈልግም ካለች ምን ያከራክረናል? ወደ እኛ ይምጣ! እኛ አስፋልት አለን፣ መብራት አለን...» ከወዲህም ከወዲያም «ይምጣ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሚዛን ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ሰገነቱ ላይ ስልከኛዋ የእንጨቱን መደገፊያ ጨብጣ ያዘች።

ያኔ ከኋለኛው ረድፍ በከዘራ ተደግፈው አንድ አዛውንት ተነሡ። የማዶዎቹ ወረዳዎች ሽማግሌ እንደራሴ ናቸው። ከአዋላጇ ጋር ሰላምታ ከተለዋወጡ ዓመታት አልፈዋል።

«ከእኚህ ሴትዮ ጋር ስንጣላ ነው የኖርነው» አሉ በሻከረ ድምፅ። «መንገድ ስጠይቅ ተቃውመውኛል። ድልድይ ሲጠይቁ ስቄባቸዋለሁ፤ ሳቁን የጀመርኩት ደግሞ እኔ ነበርኩ። ዛሬ ያዋለዷት ልጅ የእኔ ወረዳ ልጅ ናት። ከእንግዲህ በዚህ አዳራሽ በእሳቸው ላይ የሚስቅ ካለ መጀመሪያ ከእኔ ጋር ይገናኝ።» ወደ ፋብሪካው ከተማ እንደራሴም ዞረው፣ «አንተ አስፋልት አለህ። እንግዲያስ ሐኪም ቤት በአስፋልትህ ሂድ» አሉት።

አፈ ጉባኤው ደወል መቱ። «ማሻሻያውን የሚደግፍ ይቁም።»

አዋላጇና አዛውንቱ እንደራሴ ቆመው ነበር። ለጊዜው ሌላ የተነሣ የለም። ቀጥሎ የማዶዎቹ ወረዳዎች እንደራሴዎች እርስ በርሳቸው ተያዩና ተነሡ። ከዚያ ማንም ያልጠበቀው አንድ የቆላ እንደራሴ ተነሣ፤ ከአጠገቡ ያለውም ተከተለው። ወንበር ተንቋቋ፤ ካፖርት ተንኮሻኮሸ። መጨረሻ ላይ ሚዛን ግራና ቀኙን አየ፤ ቆጠረ፤ ረጅም እስትንፋስ ስቦ ቆመ። የሚያደላበትን ጎን አወቀ ብለው የቀለዱበት ብዙ ናቸው። ስልከኛዋ ግን ፊቱን ከላይ ሆና አይታዋለች፤ የተሸነፈ ሰው ፊት አልነበረም።

«ማሻሻያው አልፏል» አሉ አፈ ጉባኤው።

ስልከኛዋ ከሰገነቱ ወርዳ ወደ ስልክ ክፍሉ ገባች። የምክር ቤቱን ስልከኛ አስፈቅዳ ሽቦውን ራሷ ሰካችው። ባሏ በመጀመሪያው ደወል አነሣው፤ ከጀርባው ሳቅና ጥሩምባ ይሰማል።

«እሺ? ከበሮው ይመታ?»

«አይመታ።»

«ወደቀ እንዴ?»

«አልወደቀም። መስቀለኛው ላይ ሊሠራ ነው። ራሳቸው እማማ ጠይቀው።»

ከባሏ ጀርባ የነበረው ሳቅ ቀስ በቀስ ከሰመ። «እናቴ አብዳለች?»

«አላበዱም። ብታያቸው ኖሮ...» መነጋገሪያውን ወደ አፏ አስጠጋች። «ብታያቸው ኖሮ ልጃቸው በመሆንህ ትኮራ ነበር። እኔ ምራታቸው ሆኜ እንኳ ኮርቻለሁ።»

«ታዲያ ሰዉን ምን ልበለው? ሁሉም እኔን እያየኝ ነውኮ!»

አዋላጇ ከኋላዋ መጥተው መነጋገሪያውን ተቀበሏት። «ልጄ፣ ምንም አትበላቸው። እንዳትዋሽልኝ፣ እንዳታስተባብልልኝ። ነገ መጥቼ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

በማግስቱ ዝናቡ አባርቶ ወንዙ ጥቂት ጎድሏል። ጀልባው ወደ ከተማው ዳር ሲጠጋ ስልከኛዋ ሕዝቡን አየችው፤ ዳሩን ሞልቶ ቆሟል። ሰንደቅም ሙዚቃም የለም። ባሏ ከፊት ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል። አዋላጇ ማንም ሳይደግፋቸው ወረዱ።

የከተማው ባለ ልኳንዳ ሕዝቡን ገፋ አድርጎ ወጣ። «እንደ ራሳችን ይሆናሉ ብለን እንደራሴ አልንዎት፤ ለካ የማዶ ሰው ሆነዋል! ከአፋችን ነጥቀው ሰጡብን!»

«ልክ ነህ፤ ሰጠሁ» አሉ አዋላጇ። ሕዝቡ የጠበቀው ማስተባበያ ነበር። «የሰጠሁትም ለጠላት አይደለም። እናንተ ክሊኒክ አላችሁ፤ እነሱ ትናንት እዚህ ወንዝ ዳር አንዲት ልጅ ሊቀብሩ ነበር። አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ድልድይ ብዬ ስለምን ‹ለአንድ ወረዳ?› እየተባልኩ ተመለስኩ። ከዛሬ ጀምሮ አዲሱ ሆስፒታል ማዶ ነው። ድልድዩን እኔ ብቻዬን አልጠይቅም፤ አምስት ወረዳ ይጠይቃል። የማዶው ሽማግሌ እንደራሴ ትናንት ከአዳራሹ ሲወጡ ቃል ገብተውልኛል።»

«ድልድዩ ባይመጣስ?» አለ ባለ ልኳንዳው።

«በምርጫው ታወርዱኛላችሁ፤ እጃችሁ ላይ ነኝ። እስከዚያ ድረስ ግን እንደራሴያችሁ ነኝ፤ ያሳፈርኳችሁም አይመስለኝም።»

ያኔ ስልከኛዋ ሳታስበው ከአማቷ ጎን ቆማ ራሷን አገኘችው። በሕይወቷ በብዙ ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም፤ ሥራዋ የሌላውን ሰው ድምፅ ማገናኘት ነው።

«እኔ ነፍሰ ጡር ነኝ» አለች ጮክ ብላ። የባሏ ባርኔጣ ከእጁ ወደቀ። «ሆስፒታሉ ወዲያ ማዶ መሆኑ ከማናችሁም በፊት የሚመለከተው እኔን ነው። እማማ ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት ጠይቀውኝ፣ ይሂድላቸው ያልኩት እኔ ነኝ። የሚቆጣ ካለ እኔንም ይቆጣ።»

የተቆጣት የለም።

ድልድዩ ከጥቂት ክረምት በኋላ ተሠራ፤ አዋላጇም ምርጫውን በጭንቅ አለፉ፣ ባለ ልኳንዳው ለማን ድምፅ እንደሰጠ እስከ ሞቱ አልተናገረም። በዚያች ጠዋት ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። አዋላጇ የምራታቸውን ክንድ ይዘው፣ ጭቃውን እየረገጡ፣ በሕዝቡ መሀል ወደ ከተማው አቀበቱን ጀመሩ። ሰው ግራና ቀኝ እየሸሸ መንገድ ለቀቀላቸው። ያጨበጨበ አልነበረም። ስልከኛዋ አቀበቱ አናት ላይ ደርሳ ዞር ስትል ግን፣ ሕዝቡ ሁሉ አንድም ሳይጎድል ከኋላቸው ይከተላል።